ብርማዋን ቪትዝ በሚላጥ ጎማ ለማጥቆር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት የሆነች ብርማ ቪትዝ አለችኝ። ከእኔ በፊት አንድ ጊዜ ተቀብታ ነበር። የሚረጭና ሲሰለች እንደ ልጣጭ የሚነሳ የጎማ ቀለም እንዳለ ሰምቼ፣ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ራሴ ላጠቁራት አስቤአለሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ሃያ ቆርቆሮ በሻንጣው ይዞልኝ ይመጣል። እውነት ይላጣል? የሥሩን ቀለም አይጎዳም? ከየትስ ልጀምር?»

ይላጣል። የሥሩም ቀለም ከፋብሪካ የወጣው ከሆነ አይጎዳም። በጥያቄህ ውስጥ ያሳሰበችኝ ግን መሐል ላይ ጣል አድርገሃት ያለፍካት አንዲት ቃል ናት፦ «ተቀብታ ነበር» ያልካት። ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አሁን ግን ወንድምህ ሻንጣውን ሳይዘጋ ደውልለት።

የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ ፈሳሽና ጋዝ በግፊት የታመቀበት ቆርቆሮ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ መያዝ ክልክል ነው። «የብብት ሽቶ ይፈቀድ የለም ወይ?» ብሎ እንዳይከራከርህ፤ ለገላ መጠበቂያ በጥቂቱ የተፈቀደው ለቀለም አይሠራም። በጋሎን የሚሸጠው ፈሳሹም ያው ተቀጣጣይ ነው። ወይ አደገኛ ዕቃ መሆኑ ተመዝግቦ በጭነት ይመጣል፣ ወይ እዚሁ ካገኘህ እዚሁ ትገዛለህ፣ ወይ ይቀራል። ሃያ ቆርቆሮ ገዝቶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥሎ ከሚመጣ፣ ዛሬ አንድ ስልክ ይሻላል።

ስለ ቀለሙ ራሱ ትንሽ ልንገርህ፣ ምክንያቱም አሠራሩን ያልተረዳ ሰው አረጫጨቱንም ይስታል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ፕላስቲ ዲፕ የሚባለው ሲሆን አምራቹ በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ ብሌን በምትባል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀመር ለመኪና የታሰበ አልነበረም። የፒንሳና የመፍቻ እጀታ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ጎማ ይለብስ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ መንከር ነው። መኪና ላይ መርጨቱ ኋላ የመጣ ፈሊጥ ነው። ፈሳሹ በተን ኬሚካሎች የሟሟ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ኬሚካሉ ሲተን ጎማው ብቻ ይቀራል።

እኛ የለመድነው ቀለም ይነክሳል። ብርጭቆ ወረቀት የምንፈትገውም ጥርሱን የሚተክልበት ሻካራ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ጎማው ግን አይነክስም፤ ያቅፋል። የመኪናውን ቆርቆሮ የሚይዘው ዙሪያውን እንደ ጓንት ለብሶት ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት አትንካ፣ ማያያዣ የሥር ቀለም አትቀባ፤ ልሙጥ ገጽ ላይ ሲያርፍ ነው ደኅና አድርጎ የሚላጠው። አንድ አካል ሆኖ እንዲነሳ ደግሞ ሲጎትቱት የማይበጠስ ውፍረት ያስፈልገዋል። ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የምትረጨው ለዛሬው መልኳ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ለምትልጥበት ቀን ጭምር ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፍር ነው። ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ በአንድ ጋራዥ ስድስት ዓመት ቀለም ረጭቻለሁ። አንድ ቀን ነጭ የነበረ፣ ሌላ ቦታ በጥቁር ጎማ የተረጨ ትልቅ መኪና ለማስላጥ መጣ። የረጨው ሰው ቆጥቦ ነበር፤ ሁለት ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል። በዚያ ላይ አራት ዓመት የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ጋግሮታል። ጠርዙን በአውራ ጣቴ አሽቼ አነሳሁና ስጎትት የመጣልኝ ሉክ ሳይሆን ጥፍር የምታህል ፍርፋሪ ነበር። እንደገና ሳብኩ፤ ሌላ ፍርፋሪ። ሦስት ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ በደብሊው ዲ 40 ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ እያሸን ነው ኮፈኑንና ጣራውን ያጸዳነው። አምስት ስድስት ዙር የተረጨ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር። ቀለም ቀቢ ከልጅነቱ ጀምሮ «አሳስተህ ቅባ» እየተባለ ስላደገ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከማንም በላይ የሚሳሳተው ባለሙያው ነው።

አሁን ወደ «ተቀብታ ነበር»። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የተጋገረ ነው፤ ጎማው ሲነሳ አብሮት አይሄድም። ሠፈር ውስጥ በድጋሚ የተቀባ መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከሥሩ በደንብ ያልተፈተገ፣ ቅባቱ ያልጸዳ ወይም ስቱኮ የተሞላ ቦታ ካለ ቀለሙ ጎማውን ተከትሎ ይነሳል። ኒትሮ የሚባለው፣ ከደረቀም በኋላ ቲነር የሚያሟሟው ቀለም ከሆነ ደግሞ ገና ስትረጨው የጎማው ተን ኬሚካል ሊያለሰልሰው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከኋላው ፓራውልት አጠገብ፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ምረጥ፤ አጥበህ አድርቅ፤ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፍና በጣትህ ጫነው፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ መንጭቀው። በአራቱም በሮች፣ በኮፈኑና በጣራው ላይ ድገመው። ፕላስተሩ ላይ ብርማ ቅርፊት ካየህ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ያች መኪና የምትፈልገው ጎማ ሳይሆን ቀለም ቀቢ ነው። ፕላስተሩ ንጹሕ ከመጣ ደግሞ በመዳፍህ ልክ ቦታ ላይ ጎማውን ሙሉውን ዙር ረጭተህ፣ ሳምንት አቆይተህ ልጠው። ስቱኮ ያለበትን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በቆርቆሮው ላይ አንሸራት፤ የማይስብበት ቦታ ይነግርሃል። ዝገት ያለበትን እብጠት ጎማው ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም፤ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል።

ሊብሬውን አውጣና እየው። ቀለም የሚል ቦታ ላይ «ብርማ» ተጽፏል። ጎማው ይላጣል ብለህ ለትራፊክ ፖሊስ መንገድ ዳር ልታስረዳ አትችልም፤ እርሱ የሚያየው ጥቁር መኪናና ብርማ የሚል ወረቀት ነው። ዓመታዊ ምርመራም አለ። ከመርጨትህ በፊት መኪናዋ የተመዘገበችበት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅና የሚሉህን በጽሑፍ ያዝ። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። የአዲስ አበባ መኪና ገዢ ተጠራጣሪ ነው። በር ከፍቶ ውስጡ ብርማ፣ ውጪው የማያንጸባርቅ ጥቁር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ምን ግጭት ሸፍነው ነው?» የሚል ነው። ልትሸጣት ካሰብክ ቀድመህ ልጠህ አቅርባት።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን በቸርኬ እጀምር ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፣ እጅህን ታፍታታለህ፣ ቢበላሽ ማታውኑ ልጠህ ትጥለዋለህ፣ የሊብሬ ጣጣም የለበትም። አራት ቆርቆሮ ለአራት ቸርኬ ይበቃል። በክሪክ አንስተህ ብትፈታው ይመረጣል። የፍሬን ጥቁር ዱቄት በሳሙናና በብሩሽ ፈጽሞ እስኪጠፋ እጠብ፤ ጎማ የማያቅፈው አንዱ ነገር እርሱ ነው። በመኪናዋ ጎማና በቸርኬው መካከል የመጫወቻ ካርታ ዙሪያውን ሰካ፤ ከፕላስተር ይልቅ ፈጣን ነው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግርሃለሁ፦ ቡሎኑ የሚቀመጥበትን ቀዳዳና ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚገጥምበትን የጀርባ ገጽ አትርጭ፣ ሸፍነው። በመሐል የተጨመቀ ጎማ ውሎ አድሮ ይሳሳል፣ ቡሎኑም ይላላል። ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ መንገድ ላይ ቸርኬ የሚያስወልቅ ነው።

ቸርኬው አምሮልህ ወደ ሙሉዋ መኪና ከሄድክ፣ መጠኑን አስብ። አንድ ቆርቆሮ 311 ግራም ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ተንኖ የሚጠፋ ነው። ሃያ ቆርቆሮ ለቪትዝ ይበቃል፣ ግን ልክ ልኩን ነው። በላይኛው ግማሽ አለቅጥ ካወፈርክ በሩ ላይ ያልቅብሃል። በጋሎን የሚመጣውን ካገኘህና ኮምፕረሰር ካለህ 12 ሊትር አካባቢ ያስፈልግሃል፤ ለቀለም የምንጠቀምበት የመርጫው ጠባብ አፍንጫ ስለሚደፈን ሰፋ ያለውን ግጠም። ከረጋ ጎማው ሥሩ ይቀራልና ባልዲውን ከሥር እያማሰልክ ቅዳ። ጎረቤት ያለ ቀለም ቀቢ «ቲነር ጨምርበት፣ ይቀጥናል» ይልሃል። በፍጹም። የገበያው ቲነር ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም፣ በተለይ በድጋሚ የተቀባ መኪና ላይ።

ቀኑን ስትመርጥ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ፣ ጤዛና ነፋስ ጠላቶችህ ናቸው። በበጋው ወራት ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቧራው ይነሳል። የሚቀርልህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ያለው ነው። የመኪናዋ ገላ በፀሐይ የጋለ ከሆነ ወደ ጥላ ግፋት። ማታውን ግቢውን በውኃ አርከፍክፍ፤ አቧራውን ይይዘዋል። ክረምት ላይ አታስበው።

እዚህ አገር የሚገጥምህ አንድ ነገር አለ፣ የአሜሪካ መመሪያ ላይ የማታገኘው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተን ኬሚካል ቶሎ ይተናል። ጠብታው ገና በአየር ላይ እያለ ይደርቅና ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ አሸዋ የነሰነስክበት ይመስላል። ሻርጃ ላይ ሙቀቱ ይህንኑ ያደርግብን ነበር። መድኃኒቱ ቀረብ ማለት ነው፤ መመሪያው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቢልህ አንተ 15 ላይ ያዝና እጅህን ትንሽ አፍጥን። ገጹ ሲረጭ እርጥብ ሆኖ መታየት አለበት። እርጥቡ ወዲያው ሻካራ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ጎማው ሲደርቅ ራሱን ያስተካክላል። ደርቆ ያረፈው አቧራ መሳይ ግን አይስተካከልም።

ስለ እንፋሎቱ አንድም ሰው አይጠይቀኝም፣ እኔ ግን እናገራለሁ። ይህ ኬሚካል በእሳት ይቀጣጠላል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በር ሥር ይገባል። የተከራየኸው ግቢ ውስጥ ከአንተ ማዶ አንዲት እናት ከሰል አያይዘው ቡና ሊያፈሉ ይችላሉ። ምድጃው አሥር ሜትር ይርቃል ብለህ አትዘናጋ። ከቀኑ በፊት ለአከራይህና ለጎረቤቶችህ ሁሉ ንገር፤ የዚያን ቀን ጠዋት ቡናውም፣ ሲጋራውም፣ ብየዳውም ይቅር፤ ሕፃናት ይውጡ። ዝግ ጋራዥ ውስጥ አትርጭ። ለኮሮና የለበስነው ጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ተን አይዝም፤ ለኬሚካል ተን የተሠራውን፣ ከሰል ማጣሪያ ያለውን ጭምብል ግዛ። ራስህ ከከበደህ ወይም ካዞረህ ሥራውን ጥለህ ወደ ንጹሕ አየር ውጣ፤ ጭምብሉ አልገጠመህም ወይም ማጣሪያው አልቋል ማለት ነው።

መኪናዋን በሳሙና እጠብ፣ ሰም ወይም ማስወልወያ ቅባት ተቀብታ ከሆነ በደንብ አስለቅቅ፣ አድርቀህ በመጨረሻ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጋት። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ ታርጋውን፣ ጎማውን፣ የፍሬን ዲስኩን በፕላስተርና በጋዜጣ ሸፍን። የፋብሪካውን አርማ አትሸፍን፣ ላዩ ላይ እርጨው፤ በኋላ ዙሪያውን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ለይተህ ቁራሹን ታነሳለህ። ቆርቆሮውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ናጥ። ከቀዘቀዘና ግፊቱ ከደከመ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው፤ እሳት አጠገብ አታድርስ።

የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም። ግማሹ ብርማ እየታየ ይለፍ፤ የሚቀጥለው የሚጨብጠው እርሱን ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ዙር ሊያጠቁር ይቸኩልና ያንጠባጥባል። ከሁለተኛው ጀምሮ እርጥብ አድርገህ ርጭ። ከኮፈኑ ጠርዝ ውጪ ጀምረህ ከጠርዙ ውጪ ጨርስ፤ መሐል ላይ ቆመህ ጣትህን አታንሳ። እያንዳንዱ ምልልስ የቀደመውን ግማሽ ይደርብ። ጣራውን፣ ኮፈኑን፣ ከዚያ ጎኖቹን ዞረህ ስትመለስ ጣራው ደርቆ ይጠብቅሃል፤ በዙሮች መካከል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስጥ። ከአምስት ዙር በታች አትውረድ፤ ጠርዞቹን፣ የበሩን ዳርና የፓራውልቱን ከንፈር አንድ ጨምርላቸው፤ መላጥ የሚጀመረውም ጎማው የሚቀደደውም ከዚያ ነው። ዝንብ ቢያርፍበት ተዋት፤ ሲደርቅ በወረንጦ አንስተህ በሚቀጥለው ዙር ትሸፍነዋለህ። ቢወርድብህም በጣትህ አትንካ።

ጥቁር መምረጥህ ጥሩ ነው፣ ይቅር ባይ ቀለም ነው። ቀይ ወይም ቢጫ ብለህ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ነጭ ጎማ ሳታስቀድም ብርማው ባሳጣህ ነበር።

ፕላስተሩን የመጨረሻው ዙር ገና እርጥብ እያለ አንሳ። ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጥተህ ከተመለስክ ጎማው ከፕላስተሩ ጋር አንድ ሉክ ሆኗል፤ ስትስበው የበሩን ጫፍ ይዞ ይመጣል። ድንገት ከደረቀብህ በምላጭ ለመቁረጥ አትሞክር፣ የሥሩን ቀለም ትቆርጣለህ፤ ጠርዙ ላይ አንድ እርጥብ ዙር ጨምረህ ያኔውኑ አንሳው። መስታወት ላይ የበረረውን ብናኝ በደብሊው ዲ 40 ዘይት አሽተህ ታስለቅቃለህ። አራት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይነካል፤ እኔ ግን መኪናዋን እስከ ማግስቱ አላንቀሳቅሳትም፣ ሳምንት ሳይሞላም አላጥባትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ተጠንቀቅ። አንደኛው ነዳጅ ማደያ ነው፤ ቤንዚን ጎማውን ያሟሟዋል። ቀጂው አፍ እስከ አፍ ሞልቶ አንዲት ጠብታ በጎኗ ከወረደች የወረደችበት መስመር ይጨማደዳል። ጨርቅ ይዘህ ውረድና ራስህ ቁም። ሁለተኛው ላቫጆ ነው፤ የግፊት ውኃውን በጠርዞቹ ላይ ካስጠጉት ከሥር ገብቶ ይነፋዋል፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዞ «ላብራልህ?» የሚልህ ልጅ ደግሞ ሥራህን በአንድ እጥበት ያለሰልሰዋል። በባልዲ፣ በሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ ቤትህ እጠባት። አቧራው ገጹ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከብርማው ቀለም ይልቅ ቶሎ ቶሎ ልታጥባት መሆኑን ከወዲሁ እወቅ።

ሦስት ዓመት ይቆያል ሲባል ትሰማለህ። ደጅ ውላ ደጅ ለምታድር የአዲስ አበባ መኪና፣ በዚህ ከፍታ ፀሐይ ሥር፣ እኔ ሁለት ዓመት ሲሞላት እልጣታለሁ። ከዚያ በላይ ካቆየህ ወይም እየሳሳ ከመጣ፣ አንድ ሁለት ወፍራም ዙር ከላይ ጨምርበት፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተዋሕዶ አንድ ላይ ይነሳል። ሻርጃ ላይ ይህን ብናደርግ ኖሮ ጥፍሬ ይተርፍ ነበር፤ ያኔ ከመካከላችን የሚያውቀው አልነበረም።

ለመላጥ ሞቅ ያለ ቀን ምረጥ። በግ ስትገፍ ታውቅ እንደሆነ፣ ጥሩ ገፋፊ ቢላዋውን ያስቀምጥና በጡጫው ነው የሚሄደው፤ ቆዳውን ከሥጋው የሚለየው ግፊቱ ነው። ጎማውም እንዲሁ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣትህ አሽተህ አንከባል፣ መዳፍ ሙሉ ሲሆንልህ ወደ ራስህ አትሳብ፣ ወደ ቆርቆሮው አስተኝተህ በዝግታ ግፋው። ከተቀደደ ከሌላ ጠርዝ ጀምር።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ወረቀት ላይ የረጨህበትን ቀን፣ የዙሩን ብዛትና የቀለሙን ስም ጽፈህ ሊብሬው ከሚቀመጥበት ላስቲክ ውስጥ አኑራት። የሚልጠው ሰው አንተ ላትሆን ትችላለህ።